የተማረ ሰው ወዴት ይሂድ?

፩

ትምህርት እንደ መንገድ ነው። መንገደኛ ገና ሲነሣ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ርምጃ ብቻ ነው፤ ፊደል የሚቈጥር ሕፃንም የሚያስበው ስለ ፊደሉ ብቻ ነው። ፊደሉን ሲጨርስ ንባብ ይጠብቀዋል፤ ንባቡን ሲያውቅ ሒሳብ ይከተላል፤ አንዱን ክፍል ሲያልፍ ሌላው ክፍል በሩን ከፍቶ ይቆየዋል። መምህሩ፥ «ነገ ይህን አጥንታችሁ ኑ» ስለሚል፥ ተማሪው የነገውን ሥራ ሳይጨነቅ ያውቀዋል። እንዲህም እያለ ብዙ ዓመት ይሄዳል።

በመጨረሻ ግን ፈተናው ሁሉ ያልቃል። ተማሪው ጥቍር ካባ ይለብሳል፤ እናቱ እልል ትላለች፤ ወረቀቱንም በእጁ ይቀበላል። በማግሥቱ ማለዳ ሲነሣ፥ «ይህን አጥንተህ ና» የሚለው መምህር የለም። ያን ጊዜ ምናልባት በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፥ «እንግዲህ ምን ልሥራ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል።

ይህ ጥያቄ የስንፍና ምልክት አይደለም። እንዲያውም ጥያቄው የሚመጣው ለሚያስብ ሰው ነው። ደግሞም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ብዙ አባት ልጁን ለማስተማር በሬውን ሸጦአል፤ ብዙ እናት ለልጅዋ ደብተር ስትል ያላትን ጥቂት ገንዘብ ሰጥታለች። ስለዚህ ተማሪው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለነዚያም መልስ ሊሰጥ ይገባዋል። ይህ ትምህርት ስለዚሁ ነገር ይናገራል።

፪

አሶሳ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፥ በሱዳን ድንበር አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማም እርስዋ ናት። ክልሉን የዐባይ ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል፤ በስተ ሰሜን የመተከል ዞን፥ በስተ ደቡብ የአሶሳና የካማሺ ዞኖች ይገኛሉ። በርታ፥ ጉሙዝ፥ ሺናሻ፥ ማኦና ኮሞ የሚባሉ ሕዝቦች የአገሩ ነባር ነዋሪዎች ናቸው። ከነሱም ጋር አማሮች፥ ኦሮሞዎች፥ አገዎችና ሌሎችም አብረው ይኖራሉ።

አገሩ ቆላ የበዛበት ነው። ማሽላ፥ በቆሎ፥ ሰሊጥና ለውዝ ይበቅልበታል፤ የማንጎ ዛፍም በየደጁ ቆሞ ይታያል። በኮረብታው ላይ የቆላ ቀርቀሃ ይበዛል። በወንዞቹም አሸዋ ውስጥ ወርቅ ይገኛል፤ ሰዎች ከጥንት ጀምረው አሸዋውን በገበቴ እያጠቡ ወርቅ ይለቅማሉ። ስለዚሁ ወርቅ ሲሉ የግብጽ ገዥዎች በ19ኛው መቶ ዘመን ጭፍራ ልከውበት ነበር።

በዚህች ከተማ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ተማሪዎቹ የአገሩ ልጆች ብቻ አይደሉም፤ በመንግሥት ምደባ ከሰሜንም ከደቡብም ከምሥራቅም ይመጣሉ። አንዱ ሙቀቱን ሳይለምድ፥ ሌላው የጎረቤቱን ቋንቋ ሳያውቅ አብረው ይቀመጣሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመረቅ የመውጫ ፈተና የሚባለውን ፈተና እንዲያልፉ ታዘዘ። እንግዲህ ተማሪው ይህን ሁሉ አልፎ ሲወጣ፥ ያ አስቀድሞ የተነገረው ጥያቄ በበሩ ላይ ቆሞ ያገኘዋል።

፫

ይህ ጥያቄ በቀድሞው ዘመን እንዲህ ከባድ አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ሲጀምር ተማሪዎቹ መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግን የተማረ ሰው ተርበው ነበር። ስለዚህ ያን ጊዜ ወንበሩ ሰውን ይፈልግ ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጦአል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል፤ የግል ኮሌጆችም ብዙ ናቸው። በየዓመቱ እጅግ ብዙ ተማሪ ይመረቃል። የመሥሪያ ቤት ወንበር ግን በዚያው ልክ አይጨምርም፤ መንግሥት ሰው የሚቀጥረው በበጀቱ መጠን ነውና። ለአንድ ወንበር ብዙ ሰዎች ማመልከቻ ይዘው ይሰለፋሉ፤ ዛሬ ሰው ወንበርን ይፈልጋል።

ይህን ማወቅ ለተማሪው ይጠቅመዋል። ሥራ ያጣ ተመራቂ ብዙ ጊዜ፥ «እኔ የማልረባ ሰው ነኝ» ብሎ ያዝናል፤ ወደ መንደሩ መመለስንም ያፍራል። ነገር ግን ወንበሩ ያነሰው በእርሱ ጥፋት አይደለም። ዝናም ስለ ዘገየ ገበሬው ራሱን አይረግምም፤ ዝናሙ እስኪመጣ ድረስ ግን ማረሻውን ይስላል፥ ዘሩን ይመርጣል፥ አጥሩን ያጥራል። ተመራቂውም በሰማዩ ላይ ሥልጣን ባይኖረው በማረሻው ላይ ሥልጣን አለው።

አንዳንዱ ግን ጭንቀቱን ሊሸሽ ብሎ የቸኮለ ምክር ይይዛል። ደላላ መጥቶ፥ «ገንዘብ ስጠኝና በድብቅ ድንበር አሻግሬህ በሩቅ አገር ባለጠጋ ትሆናለህ» ሲለው ያምነዋል። በዚህ መንገድ ስንቱ በበረሃ ጠፍቶአል፥ ስንቱም በባሕር ሰጥሞአል! «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ ሕይወቱን ያፈሰሰ ግን መልሶ አይለቅማትም።

፬

ትምህርቱን ጨርሶ መንገዱ የተዘጋበት ሰው ዛሬ ብቻ የታየ አይደለም። እነሆ፥ በዚሁ በአሶሳ አገር በር ላይ መንገድ የተዘጋበት የአንድ ተማሪ ታሪክ ይገኛል። የዚህ ታሪክ ዘመናት የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፥ ሁሩሙ በተባለው አገር አጠገብ፥ አንድ የኦሮሞ ልጅ ተወለደ። ስሙንም ሂካ አሉት፤ ትርጓሜው «ተርጓሚ» ማለት ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞተበት። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ሰረቁት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ እስከ ቀይ ባሕር ወደብ እስከ ምጽዋ ደረሰ። በዚያም ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ሰው በ1870 ከባርነት ነፃ አወጣውና ለስዊድን ሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ሰጠው። ክርስትና በተነሣ ጊዜ ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህም ሰው ኦኔሲሞስ ነሲብ ተብሎ የታወቀው ነው።

ትጋቱን ያዩ መምህራኑ ወደ ስዊድን አገር ላኩት፤ በዚያም ዮሐንስሉንድ በሚባል ኮሌጅ አምስት ዓመት ተምሮ በ1881 ፈጸመ። አሳቡ አንድ ነበር፤ ወደ ተሰረቀበት አገር ተመልሶ ወገኖቹን በቋንቋቸው ማስተማር ነው።

ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በሱዳን በኩል ጉዞ ጀመረ። በካርቱም አልፈው፥ የዐባይን ወንዝ ተከትለው፥ ፋማካ እስከ ተባለው ስፍራ፥ ወደ አሶሳም አቅራቢያ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ያለው የወለጋ ምድር ነበር። ነገር ግን መንገዱ ተዘጋ፤ ማለፍ አልቻሉም። በመጡበት ተመልሰው በ1882 በሚያዝያ ወር ካርቱም ገቡ። በዚያ ጊዜ በሱዳን የማህዲ ጦርነት ተነሥቶ ነበርና በዚያ በኩል እንደ ገና መሞከር የማይቻል ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ኦኔሲሞስ በሌላ በኩል ዞሮ እስከ እንጦጦ ደረሰ። ወደ ወለጋ እንዲያልፍ ግን ፈቃድ አላገኘም፤ ሁለተኛ ወደ ምጽዋ አገር ተመለሰ።

ሁለት ጊዜ የሞከረና ሁለት ጊዜ የተመለሰ ሰው ምን ያደርጋል? እርሱ ግን መንገዱ እስኪከፈት ድረስ እጁን አጣምሮ አልተቀመጠም። «ወደ ወገኖቼ መሄድ ካልቻልሁ የምወስድላቸውን ነገር ላዘጋጅ» እንደሚል ሰው ሆኖ በምንኩሉ ተቀምጦ መጻሕፍትን ወደ ኦሮሞ ቋንቋ ይመልስ ነበር። በዚያም አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ሴት አገኘ፤ እርስዋም በ1886 ከባሪያ ነጋዴዎች መርከብ ነፃ የወጣች ነበረች። አስቴር ቋንቋውን ከእርሱ ይልቅ አጥርታ ታውቅ ነበር፤ እርሱ በልጅነቱ ከአገሩ ስለ ወጣ ብዙ ቃል ጠፍቶበት ነበርና። ስለዚህ እርስዋ ቃላቱን ሰበሰበች፤ ከሕዝቡ አፍ ያሉትንም ተረቶችና ምሳሌዎች ጻፈች።

አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። በ1894 ሁለቱ አብረው ያዘጋጁት፥ ማንበብ ለሚጀምሩ ሰዎች የሚሆን መጽሐፍ ታተመ። በ1899 መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉው በስዊስ አገር ታትሞ ወጣ። እነዚህ ሁሉ የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው።

በ1904 መንገዱ ተከፈተ። ኦኔሲሞስና አስቴር ወደ ወለጋ ገቡ። የነቀምቴ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ኦኔሲሞስን ተቀበለው፤ እርሱም በነቀምቴ ትምህርት ቤት ከፍቶ እያስተማረ ኖረ፥ በ1931 ዐረፈ። ከኮሌጁ ከወጣ በኋላ ያሰበው ስፍራ ለመድረስ 23 ዓመት ፈጀበት። በደረሰ ጊዜ ግን እጁ ባዶ አልነበረም፤ የሚያስተምርበትን መጽሐፍ ይዞ ነበር። በ1882 ተሳክቶለት ቢሆን ኖሮ ያለ መጽሐፍ በገባ ነበር።

፭

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ይታያል።

መጀመሪያ፥ መንገድና አሳብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የኦኔሲሞስ መንገድ ሁለት ጊዜ ተዘጋ፤ አሳቡ ግን አልተዘጋም። ብዙ ተማሪ መንገዱን ከአሳቡ ጋር ያደባልቃል። «መምህር ልሁን» ማለት አሳብ ነው፤ «በእገሌ ከተማ፥ በእገሌ መሥሪያ ቤት፥ በዚህ ዓመት ልቀጠር» ማለት ግን መንገድ ነው። መንገዱ ቢዘጋ ሌላ መንገድ ይፈለጋል፤ አሳቡን መጣል አያስፈልግም።

ሁለተኛ፥ የመጠበቅ ዘመን የሥራ ዘመን ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓመት ሥራ ቢጠብቁ፥ አንዱ በየመንገዱ ዳር ተቀምጦ፥ ሁለተኛውም አንድ ሙያ እየለመደ ቢያሳልፈው፥ በዓመቱ መጨረሻ እኩል አይደሉም።

ሦስተኛ፥ የተማረ ሰው የሚጐድለውን ካልተማረው ወይም ከወጣቱ ማግኘት አያሳፍረውም። ኦኔሲሞስ የስዊድንን ኮሌጅ የጨረሰ ሲሆን፥ የገዛ ቋንቋውን ከአንዲት ወጣት ተማረ። ይህን ባያደርግ ሥራው ጐደሎ በሆነ ነበር።

የቆላ ቀርቀሃም ይህን የመሰለ ነገር ያስተምራል። በአሶሳ ኮረብታ ላይ የሚበቅለው ቀርቀሃ ከመሬት ብቅ ካለ በኋላ ቁመቱን ሁሉ በአንድ ክረምት ይጨርሳል። ለዓይን ሲያዩት ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን እንጨቱ ገና ለስላሳ ነው፤ ለቤት ማገርና ለወንበር የሚሆነው ሦስት ዓመት ያህል ቆሞ ከጠነከረ በኋላ ነው። ሳይጠነክር የቆረጠው ሰው ቤቱን ነቀዝ ይበላበታል። ተመራቂም እንዲሁ ነው፤ ወረቀቱ ቁመቱ ነው፤ ጥንካሬው ግን ገና በሥራ ይመጣል።

ይህንም በማሰብ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሥርዐት ተደርጎ ነበር። ተማሪዎቹ ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው ያገለግሉ ነበር፤ ብዙዎቹም መምህራን ሆነው በገጠር ይሠሩ ነበር። ከከተማ ያልወጣው ተማሪ የአገሩን ኑሮ በዓይኑ አየ፤ የሚወደውንና የማይወደውንም ሥራ ለየ። ያ ሥርዐት ዛሬ የለም፤ ነገር ግን ማንም ሰው ለራሱ እንዲህ ያለ የመፈተኛ ዓመት ሊሠራ ይችላል።

፮

«በዚህ በቆላው አገር ለተማረ ሰው ምን ሥራ አለ?» የሚል ሰው ዙሪያውን አላየም።

የማንጎው ዛፍ ታምሞአል። በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ አንድ ነጭ፥ ጥቃቅን፥ ከቅጠል ላይ ተጣብቆ ጭማቂውን የሚመጥ ተባይ ታየ። ከዚያ ወዲህ እየተሠራጨ ወደ አሶሳ አገርም ገባ። ቅጠሉ ይገረጣል፥ ፍሬው ያንሳል፥ ቆዳውም ነጠብጣብ ይሆናል። የዳነውም ፍሬ በአንድ ወቅት በብዛት ስለሚደርስ፥ ገዢ አጥቶ ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል። ለዚህ ተባዩን የሚያጠና፥ ጭማቂ የሚጨምቅ፥ ፍሬውን አድርቆ ወደ ሩቅ ገበያ የሚልክ፥ ሒሳቡንም የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

ምስጥ ሰብሉንና ቤቱን ይበላል። ወባ በክረምት መውጫ ብዙ ሰው ያስተኛል። ቀርቀሃው በብዛት አብቦ በሚደርቅበት ጊዜ ዘሩን ሰብስቦ የሚተክል ያስፈልገዋል፤ ቀርቀሃ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታልና። በርታኛ፥ ጉሙዝኛና ሺናሽኛ ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩባቸው ቋንቋዎች ሆነዋል፤ ነገር ግን የሚያነቡት መጽሐፍ ገና ጥቂት ነው። አስቴር ጋኖ ለኦሮምኛ እንዳደረገችው፥ የሽማግሌዎችን ተረት ሰምቶ የሚጽፍ ሰው በነዚህም ቋንቋዎች ይፈለጋል።

ደግሞም በመተከል ዞን፥ በጉባ ወረዳ፥ በዐባይ ወንዝ ላይ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ቆሞአል። የመሠረቱ ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ቁመቱ 145 ሜትር ያህል ነው፤ 13 ተርባይኖች አሉት፤ ኃይሉም 5,150 ሜጋዋት ነው። ሥራው ከ14 ዓመት በላይ ፈጀ። ሥራው ሲጀመር ፊደል ይቈጥሩ የነበሩ ልጆች፥ ሲመረቅ የኮሌጅ ተማሪዎች ሆነው አዩት። አገርን የሚያቆም ሥራ በአንድ ሰሞን እንደማያልቅ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በዚህ ሁሉ ላይ ግን እውነቱን መሸሸግ አይገባም። ሥራ አለ ማለት ደመወዝ አለ ማለት አይደለም። መሬት፥ መነሻ ገንዘብና ሰላም ያስፈልጋል። ከ2011 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት በመተከልና በካማሺ ጸጥታ በታወከ ጊዜ ብዙ ሰው ሞተ፥ ብዙም ከቤቱ ተሰደደ፥ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ስደተኞች በኩርሙክ በኩል ወደ አሶሳ አገር መጡ። ስለዚህ ወጣቱ በትጋት ብቻ ሁሉን ይችላል ማለት ሐሰት ነው። ጐረቤት ጐረቤቱን ካላከበረ፥ መንግሥትም መንገድና ፍርድ ካላቆመ፥ የአንድ ሰው ትጋት ብቻውን አይበቃም።

፯

ለምሳሌ ያህል ይህን ነገር ስሙ። የአንድ ገበሬ ልጅ የእርሻን ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ወደ አባቱ ቤት ገባ። ሰባት ወር ማመልከቻ ሲጽፍ ቆየ፤ መልስ አላገኘም። ጓደኞቹ አንዱ፥ «ወርቅ ወደሚታጠብበት ወንዝ እንውረድ» ይለዋል፤ ሌላው፥ «አዲስ አበባ ሄደን እንጠብቅ» ይለዋል። እርሱም አንዱን ሲይዝ ሌላው እያማረው ሳይቈርጥ ይውላል።

አንድ ማታ አባቱን፥ «አባቴ፥ እርስዎ ለኔ ትምህርት ብለው በሬዎን ሸጡ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አንዲት ጥጃ እንኳ አልተካሁልዎትም። ምን እንዳደርግ ይመክሩኛል?» አላቸው።

አባቱም፥ «ልጄ፥ እኔ የከተማውን ሥራ አላውቅምና በእርሱ ልመክርህ አልችልም። ደግሞም በሬውን የሸጥሁት እንድትከፍለኝ ብዬ አይደለም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። የማንጎዬ ቅጠል ነጭ ነገር ለብሶ ከታመመ አራት ዓመት ሆነው። ይህ ምን እንደ ሆነ ታውቃለህ?» አሉት።

«ዐውቃለሁ፥ አባቴ። በትምህርት ቤት ስሙን ተምረነዋል።»

«መድኃኒቱንስ?»

ልጁ ዝም አለ። ለፈተና ያጠናውን ያስታውሳል፤ በገዛ እጁ ግን አንድ ቅርንጫፍ እንኳ ከርክሞ አያውቅም ነበር። አባቱም፥ «እንግዲያስ ስሙን አንተ ታውቃለህ፥ ዛፉን እኔ ዐውቃለሁ። ነገ አብረን እንውጣ» አሉት።

በማግሥቱ መጋዝና ደብተር ይዘው ወጡ። ልጁ እጅግ የተጐዱትን ቅርንጫፎች እየቈረጠ አቃጠለ፤ ዛፉ ውስጥ ብርሃንና ነፋስ እንዲገባ አደረገ። በአንዳንዱ ዛፍ ላይ ይህን አደረገ፥ አንዳንዱን ደግሞ እንዲያው ተወው፤ በየሳምንቱም ልዩነቱን እያየ በደብተሩ ጻፈ። ተባዩ ፈጽሞ አልጠፋም። የተከረከሙት ዛፎች ግን ካልተከረከሙት ይልቅ ለመለሙ። ጐረቤቶች ይህን አይተው፥ «የኛንም እይልን» አሉት፤ አንዱ እህል፥ አንዱ ዶሮ፥ አንዱም ጥቂት ገንዘብ ሰጠው።

ማመልከቻ መጻፉን ግን አልተወም። በዓመቱ ወደ አንድ የምርምር ስፍራ አመለከተና አልተቀበሉትም። በሁለተኛው ጊዜ ያንን ደብተር ይዞ ሄደ። «ምን ተምረሃል?» ብለው ሲጠይቁት እንደ ፊተኛው ወረቀቱን አሳየ፤ «ምን ሠርተሃል?» ብለው ሲጠይቁት ደግሞ ደብተሩን ገለጠ። በፊተኛው ጊዜ ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ አልነበረውም። ይቀጠር አይቀጠር ገና አልታወቀም ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ ስፍራ ሲወጣ አንገቱን አልደፋም፤ ቢቀጥሩትም ባይቀጥሩትም ነገ የሚሠራውን ያውቅ ነበርና።

፰

እንግዲህ ትምህርቱን ለሚፈጽም ሰው የሚጠቅመው ምክር ይህ ነው።

ሳይመረቅ ገና ተማሪ ሳለ በክረምት ዕረፍቱ አንድ ሥራ በእጁ ይሞክር፤ መመረቂያው ቀን በድንገት እንዳይመጣበት። ራሱንም፥ «ምን ልሁን?» ብሎ ብቻ አይጠይቅ፤ «በዙሪያዬ ምን ጐድሎአል? ከዚያስ ውስጥ እኔ የትኛውን ልሞላ እችላለሁ?» ብሎ ይጠይቅ። የፊተኛው ጥያቄ ሰውን ወደ ራሱ ብቻ ያሳየዋል፤ ሁለተኛው ግን ሥራውን ያሳየዋል።

ትንሽ ሥራ አይናቅ። «ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው» ነው። ከቤቱ መራቅም ቢኖርበት አይፍራ፤ ከሩቅ አገር ወደ አሶሳ የመጡ ተማሪዎች መልመድ እንደሚቻል አሳይተዋል። ነገር ግን ሲሄድ ሥራውንና ማረፊያውን አውቆ በሕጋዊ መንገድ ይሂድ፤ ለማያውቀው ደላላ ሕይወቱን አይስጥ።

ከሁሉ በላይ አንድ ጊዜ የመረጠው ሥራ ዕድሜውን ሁሉ የሚያስረው ሰንሰለት አይምሰለው። መርጦ ሠርቶ ካልተስማማው ሊለውጥ ይችላል፤ የለመደውም ሙያ አብሮት ይሄዳል። ሳይመርጥ የተቀመጠ ሰው ግን የሚለውጠው ነገር እንኳ የለውም።

ዛሬ ፊደል የምትቈጥሩ ልጆች ሆይ፥ ይህ ጥያቄ ለእናንተም አንድ ቀን ይመጣል። የምታነቡትን ሁሉ ስታነቡ፥ «ይህ ለማን ይጠቅማል?» ማለትን ከአሁን ጀምራችሁ ልመዱ።

ጥያቄ

1. አሶሳ የምን ክልል ዋና ከተማ ናት? ክልሉን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ ምን ይባላል?
2. በ1943 ዓ.ም. የነበረ ተማሪና የዛሬ ተማሪ ሥራ በማግኘት ረገድ ልዩነታቸው ምንድር ነው?
3. ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1882 ለምን ተመለሰ? መንገዱ እስኪከፈት ምን ሠራ?
4. አስቴር ጋኖ ምን ረዳችው?
5. «መንገድና አሳብ የተለያዩ ናቸው» ማለት ምን ማለት ነው? በራሳችሁ ምሳሌ ተናገሩ።
6. የገበሬው ልጅ በሁለተኛው ጊዜ ምን ይዞ ሄደ? ለምን ጠቀመው?
7. በመንደራችሁ የጐደለ አንድ ነገር ጻፉ፤ እርሱን ለመሙላት ምን ትምህርት ያስፈልጋል?

የቃላት ፍች

ምደባ፤ ሰውን ወደ አንድ ስፍራ መርጦ መላክ።
ፈንጋይ፤ ሰውን ሰርቆ ለባርነት የሚሸጥ።
ገበቴ፤ ከእንጨት የተጠረበ ሰፊ ዕቃ።
ማገር፤ የቤት ግድግዳ ለማጠንከር በአግድም የሚታሰር እንጨት።
ከረከመ፤ የማያስፈልገውን ቅርንጫፍ ቈረጠ።